ከሹፌሩ ጎን ካለው ወንበር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር እኔና ታላቅ ወንድሜ ስለምንወዳደርበት ሬጉላሪቲ ራሊ፣ ማለትም የተሰጠን አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ጠብቆ ስለሚሄዱበት የመኪና ውድድር፣ ትንሽ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከጠበቅኩት በላይ ናቸው። ለአዲስ አንባቢዎች፦ እሱ ይነዳል፣ እኔ ሮድቡኩንና (መንገዱን በሥዕልና በርቀት የሚያሳየውን የአዘጋጁን መጽሐፍ) ሰዓቱን ይዤ ከጎኑ እቀመጣለሁ። 11 ዓመት ሙሉ በአንድ ፎር ዊል መኪና ውስጥ አብረን ተንገጫግጨናል። የምመልሰውም ከዚያች ወንበር ሆኜ ያየሁትን ነው። የመኪናው ጉዳይ ላይ ስደርስ ወንድሜን ጠይቄዋለሁ።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ልንመዘገብ ነው። ሰው ሁሉ «ሬጉላሪቲ የቀርፋፎች ውድድር ነው» ይለኛል። እውነት ነው? የፈጠነ ካላሸነፈ ማን ነው የሚያሸንፈው?

መልስ፦ ወዳጄ፣ ይህን የሚሉህ ሰዎች ድንጋይና ጭቃ በበዛበት መንገድ ላይ አንድን አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ለመጠበቅ የሞከሩ አይመስለኝም። ቢሞክሩ ኖሮ እንዲህ አይሉህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዘጋጁ ለእያንዳንዱ የመንገድ ክፍል አማካይ ፍጥነት ይሰጥሃል። ለምሳሌ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር። እንግዲህ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ90 ሰከንድ መጨረስ አለብህ። 100 ሜትር በ9 ሰከንድ ማለት ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ የተደበቁ መቆጣጠሪያዎች አሉ። የት እንዳሉ አይነገርህም። ድሮ ዳኞች ከቁጥቋጦ ጀርባ ሰዓት ይዘው ይቀመጡ ነበር። አሁን በብዙ ውድድሮች መኪናህ ላይ የሚገጠም የጂፒኤስ መከታተያ ያንን ሥራ ይሠራል። እዚያ ነጥብ ላይ ማለፍ በነበረብህ ሰከንድ ካላለፍክ ትቀጣለህ። ብትዘገይም ትቀጣለህ፣ ብትቀድምም ትቀጣለህ። በመጨረሻ ትንሹን ቅጣት የሰበሰበ ያሸንፋል።

40 ለጥሩ መንገድ ቀላል ቁጥር ነው። ነገር ግን መንገዱ አንድ ዓይነት አይደለም። ዳገት አለ፣ ጅረት አለ፣ ውሃ የቦረቦረው ቁልቁለት አለ። እዚያ ላይ 15 እንኳ መሄድ ሊያቅትህ ይችላል። ያጣኸውን ሰዓት ደህና መንገድ ስታገኝ በልክ መመለስ አለብህ። ከልክ ካለፈ ደግሞ ቀደምክ።

ሒሳቡን ላሳይህ። አማካዩ 36 ነው እንበል። 36 የምወደው ቁጥር ነው፤ በሰከንድ ልክ 10 ሜትር ነውና። አንድ ኪሎ ሜትር 100 ሰከንድ ይፈጃል። ጅረት ስታቋርጥ 40 ሰከንድ ጠፋብህ። ከማዶ ያለው ፒስታ ጥሩ ነው። በ45 ብትነዳ ኪሎ ሜትሩን በ80 ሰከንድ ትጨርሳለህ። በየኪሎ ሜትሩ 20 ሰከንድ ትመልሳለህ፤ 2 ኪሎ ሜትር ይበቃሃል። በ60 ብትነዳ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ይበቃሃል። ብዙ ጀማሪ 60ን ይመርጣል። ወንድሜ ሁልጊዜ 45ን ነው የሚመርጠው። በ60 እየሄድክ አንዲት ቦይ ካላየህ የምታጣው 40 ሰከንድ አይደለም፤ ጎማ ነው፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ነው።

የመጀመሪያ ውድድራችን አሁንም ትዝ ይለኛል። አማካዩ 48 ነበር። መንገዱ ደረቅና ሰፊ ነው። ወንድሜ ደስ ብሎት ነዳ፣ እኔም አላስቆምኩትም። የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ላይ 70 ሰከንድ ቀድመን አለፍን። እኛ ግን በደንብ የሠራን መስሎን ነበር። ማታ ውጤቱ ሲለጠፍ ስማችንን ከታች አገኘነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናችን ውስጥ «ፍጠን» የሚል ቃል የለም። በሱ ፋንታ ምን እንደምንል ከታች ለአንዲት እህት መልሻለሁ፣ አንብበው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ቀድሜያለሁ ብለህ መንገድ ላይ ቆመህ ለመጠበቅ አታስብ። በብዙ ደንቦች ሬጉላሪቲ ክፍል ውስጥ መቆም ያስቀጣል። ከኋላህ ያለው መኪናም ኩርባው ላይ ድንገት ሊያገኝህ ይችላል። የቀደምከውን ሰዓት ቀስ እያልክ ነው የምትከፍለው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ውድድር እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ ጥሩ ነበርን። በሦስተኛው ቀን አሸዋማ ክፍል ገባን። የሄድነውን ርቀት የሚቆጥረው ትሪፕ ሜትራችን ከሮድቡኩ ጋር መለያየት ጀመረ። ሮድቡኩ 10 ኪሎ ሜትር የሚለው ቦታ ስንደርስ የእኛ 10.3 ይላል። በየመቆጣጠሪያው ዘግይተን ተገኘን። ሹፌሩ ልጄ ነው፤ የነገርኩትን ፍጥነት አላዛነፈም። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ መሣሪያዎ አልተበላሸም። ልጅዎም አላጠፋም። ደብዳቤዎን ሳነብ ሆዴን ባር ባር አለው፤ ይኸው ነገር በእኛም ላይ ደርሷልና።

ጎማ ላይ የተገጠመ ትሪፕ ሜትር መሬቱን አይለካም። ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ነው የሚቆጥረው። አሸዋ ላይ ጎማ እየተንሸራተተ ይዞራል። እናንተ 10 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ጎማው የ10.3 ያህል ዞሯል። እርስዎ ደግሞ ሰዓቱን ያሰሉት በ10.3 ነው። ለ10.3 የሚፈቀደውን ጊዜ ተጠቅማችሁ 10 ላይ ተገኛችሁ። አማካዩ 40 ከነበረ 300 ሜትር ማለት 27 ሰከንድ መዘግየት ነው። ሰዓቱ ትክክል፣ ፍጥነቱ ትክክል፣ ርቀቱ ግን የተሳሳተ።

እኛ በእነዚህ ዓመታት ካጣናቸው ሰከንዶች አብዛኞቹ የጠፉት እንዲህ ነው። ሹፌሩ ተንቀራፎ ወይም ቸኩሎ አይደለም። እኔ የያዝኩት ርቀት ውሸት ስለነበረ ነው። ለዚህ ነው ከሰዓቱ ይልቅ ስለ ርቀቱ የምጨነቀው። ርቀቱ ከተሳሳተ በሰከንድ አሥረኛ የሚቆጥር ሰዓት ቢይዙም አይረዳዎትም።

ሁለተኛው ምክንያት የጎማው አየር ነው። አሸዋ ከመግባታችሁ በፊት ጎማ አስተንፍሳችኋል ብዬ እገምታለሁ። ጎማ ሲተነፍስ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ትንሽ ያንሳል። ለተመሳሳይ መንገድ ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ መሣሪያውም አብዝቶ ያነባል። ትልቅ ጎማ ሲቀየር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ አሳንሶ ያነባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም መሣሪያዎን ከአዘጋጁ ርቀት ጋር ማመሳከሩን፣ በደንብ ያድርጉ። አዘጋጁ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው በፊት የራሱን ርቀት የለካበትን አንድ መንገድ ያሳውቃል። ያንን መንገድ እንደ ውድድሩ ቀን ተጭናችሁ ሂዱበት። ነዳጁ ሙሉ፣ ዕቃው ውስጥ፣ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ። ጎማው ትንሽ ከሄደ በኋላ ይሁን፤ ሲሞቅ የአየሩ ግፊት ይጨምራል። ኩርባ አትቁረጡ። ሮድቡኩ 8.00 ብሎ የእርስዎ 8.24 ካለ፣ 8.00ን ለ8.24 ያካፍሉ። 0.971 ያገኛሉ። የመሣሪያውን ንባብ በዚህ ቁጥር ሲያባዙ የአዘጋጁን ርቀት ያገኛሉ። ልብ ይበሉ፣ የምንፈልገው የአዘጋጁን ርቀት ነው። እሱ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ አብረነው መሳሳት አለብን።

እኔ ሁለት ቁጥር ነው የምይዘው። አንዱ ለሙሉ አየር፣ ሌላው ለተነፈሰ ጎማ። ሁለቱም ከፊት ለፊቴ በፕላስተር ተለጥፈዋል። ወንድሜ ጎማ አስተንፍሶ ሲመለስ በር ከመዝጋቱ በፊት ቁጥሩን እቀይራለሁ።

የመሣሪያው ሴንሰር የትኛው ጎማ ላይ እንዳለም ይመልከቱ። መኪናችሁ ፎር ዊል በእጅ የሚገባለት ከሆነ፣ በሁለት ጎማ ስትሄዱ የፊቱ ጎማ በነፃ ነው የሚዞረው። ሴንሰሩ እዚያ ቢሆን ዳገት ላይ ብዙ አይዋሽም። ፎር ዊል ከገባ በኋላ ግን አራቱም ይጎትታሉ፣ አራቱም ይንሸራተታሉ። የጂፒኤስ ትሪፕ ሜትር በመንሸራተት አይታለልም። ነገር ግን ጥልቅ ሸለቆና ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ውስጥ ይዘላል። ጠመዝማዛ መንገድ ላይም ኩርባውን ቆርጦ ሊያሳንስ ይችላል። ደንቡ ከፈቀደ ሁለቱንም ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ ጥሩ ነው። ሲለያዩ መሬቱን ያያሉ። አሸዋ ከሆነ ጂፒኤሱን ያምናሉ፣ ሸለቆ ውስጥ ከሆነ ጎማውን።

ቀሪው ሥራ መንገድ ላይ ነው። ሮድቡኩ ላይ ድልድይ፣ መገንጠያ፣ የማይሳሳት ምልክት ሲመጣ ትሪፑን ከሮድቡኩ ጋር ያስተካክሉ። ልዩነቱ 10 ወይም 20 ሜትር ከሆነ ግን እኔ አልነካውም። ሮድቡኩን የሠራው ሰው መገንጠያውን ከየት ጀምሮ እንደለካ አላውቅም። በሁለት ተከታታይ ምልክት ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳሳተ ያን ጊዜ አርመዋለሁ። አሸዋ ላይ ደግሞ ይህን ትዕግሥት እተወዋለሁ። እዚያ በየምልክቱ ነው የማርመው።

ጥያቄ፦ ሰዓቱንና ርቀቱን ራሱ የሚያሰላውን ውድ የራሊ ኮምፒውተር ሳይገዛ መወዳደር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። እንዲያውም እንዲህ ቢጀመር ደስ ይለኛል። ብዙ ውድድሮች የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሌላቸውን ለብቻ ያወዳድራሉ። የሚያስፈልገው በደንብ የሚያነብ ትሪፕ ሜትር፣ ሁለት ስቶፕዋችና በወረቀት የተሠራ ሠንጠረዥ ነው። ሁለት ስቶፕዋች ያልኩት አንዱ በስህተት ቢቆም ሁለተኛው እንዲያድን ነው። አንድ ጊዜ አድኖኛል።

ሠንጠረዡን ቤት ቁጭ ብለው ራስዎ ይሥሩት። በየ100 ሜትሩ ስንት ሰከንድ እንደሚሆን ለእያንዳንዱ አማካይ ይጽፋሉ። አማካዩ በሰዓት 50 ከሆነ አንድ ኪሎ ሜትር 72 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ 7.2፣ 14.4፣ 21.6 እያለ ይሄዳል። በእጅ ሲጻፍ ቁጥሩ አእምሮ ውስጥ ይቀራል። መኪናው እየዘለለ ወረቀቱ በማይነበብበት ሰዓት ያ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ይነዳል፣ እኔ አነባለሁ። ሁለት ውድድር አድርገናል፣ ሁለቱንም ተጣልተን ጨረስን። «ቶሎ ንገሪኝ» ይለኛል። ቶሎ ስነግረው «አትጩኺብኝ» ይላል። ባለፈው መንገድ ሳትንና እስከ ማታ ሳንነጋገር ዋልን። ትቼው ልውጣ ወይስ መፍትሔ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትውጪ። ጠባችሁ የትዳር ጠብ አይመስለኝም። ቃል አልተስማማችሁም።

ከመነሻው በፊት ቁጭ በሉና የምትነጋገሩባቸውን ቃላት ወስኑ። እኛ ሰዓትን በሦስት መንገድ ብቻ ነው የምንናገረው። «ልክ»፣ «4 ቀድመናል»፣ «6 ዘግይተናል»። ሌላ የለም። «ቀስ በል»፣ «ፍጠን»፣ «ምነው ተኛህ» የሚባል ነገር የለም። እነዚህ ትእዛዝ ናቸው፣ ሰው ትእዛዝ ሲሰማ ይከላከላል። «6 ዘግይተናል» ግን መረጃ ነው። መሬቱን የሚያየው እሱ ነው። የት መመለስ እንደሚቻል እሱ ይወስናል።

መታጠፊያ ስትነግሪው ቅደም ተከተሉ አይቀያየር። መጀመሪያ ርቀት፣ ቀጥሎ ምን እንደሆነ፣ መጨረሻ አቅጣጫ። «300፣ መገንጠያ፣ ግራ።» ከዚያ «100።» ከዚያ «ይኸው።» እሱ ደግሞ «ግራ» ብሎ ይመልስልሽ። ካልመለሰ አልሰማም ማለት ነው፣ ድገሚው። ሮድቡኩ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ተናገሪ። አንድ ከሆነ ጥንቃቄ ነው፣ ሁለት ከሆነ አደጋ፣ ሦስት ከሆነ ትልቅ አደጋ። ሦስት ሲሆን እኔ ሁለት ጊዜ ነው የምናገረው፣ ወንድሜም ሁለት ጊዜ ይመልስልኛል። ሰዓቱ እዚያ ላይ ምንም ይሁን።

የሮድቡኩን የመታጠፊያ ሥዕሎች ማታ አጥኚያቸው። ቱሊፕ ይባላሉ። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ከተጀመረው የኔዘርላንድ ቱሊፕ ራሊ ነው። ክቧ ነጥብ አንቺ ያለሽበት ናት፣ ቀስቷ የምትሄጂበት። እኔ ዳገቱን በአንድ ቀለም፣ አደጋውን በቀይ፣ አጭር ርቀት ላይ የተደራረቡትን መታጠፊያዎች በሌላ ቀለም አቀልማለሁ። የተደራረቡት ላይ ነው ጠብ የሚነሣው። ሁለተኛውን ሳትናገሪ መጀመሪያው ያልፋል። እነሱን አጣምረሽ በአንድ ትንፋሽ ንገሪው።

አሁን ስለ መሳት። ሁላችንም እንስታለን። አንድ ጊዜ በደረቀ ወንዝ ውስጥ እየሄድን መገንጠያውን አሳሳትኩ። 23.60 ላይ ቀኝ ነበር፣ እኔ ግን አንድ ሥዕል ዘልዬ ነበር። የገባኝ 25.00 ላይ ነው። ፊቴ ጋለ። ወንድሜ አልጮኸም። መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ «እርግጠኛ የሆንሽበት የመጨረሻው ቦታ የት ነው?» አለኝ። ይችን ጥያቄ ለባለቤትሽ አስተምሪው። ማን አጠፋ የሚለውን ሳይነካ ወደ ሥራ ይመልሳል። እኔ «23.60 ላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ» አልኩት። ወደዚያ ተመለስን። እዚያ ስንደርስ ትሪፑ 26.40 ይላል፤ 1.4 ሄደን 1.4 ተመልሰናልና። ወደ 23.60 መለስኩትና ቀጠልን። መሣሪያሽ ወደ ኋላ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ገና ስትዞሩ አገላብጪው፣ ራሱ ይስተካከላል።

ስትመለሱ ተጠንቀቁ። ከፊት ለፊት የሚመጣው ተወዳዳሪ እናንተን አይጠብቅም። መብራት አብሩ፣ ዳር ዳሩን ቀስ ብላችሁ ሂዱ። በተቃራኒ መንዳት ፈጽሞ የማይፈቀድባቸው ክፍሎችም አሉ። ደንቡን አስቀድመሽ እይ።

የጠፋውን አምስት ደቂቃ ለማካካስ አትብረሩ። በብዙ ደንቦች በአንድ መቆጣጠሪያ ላይ የሚቆጠረው ቅጣት ጣሪያ አለው። ከዚያ ጣሪያ በላይ ከዘገያችሁ አምስት ደቂቃም ሰባት ደቂቃም አንድ ነው። እንዲህ ሲሆን እኔ ሮድቡኩን ገልጬ የሚቀጥለው ክፍል የት እንደሚጀምር ለወንድሜ እነግረዋለሁ። እዚያ ስቶፕዋቹ ከዜሮ ይነሣል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ፎር ዊል በእጅ የሚገባለት ነው። ጓደኞቼ «መነሻው ላይ አስገባውና እርሳው» ይሉኛል። አሸዋ ላይስ የጎማ አየር ስንት ይሁን?

መልስ፦ ይህን ከወንድሜ ጋር ሆነን ነው የመለስነው።

አስገብተህ አትርሳው። በእጅ የሚገባ ፎር ዊል አብዛኛውን ጊዜ መሃል ዲፈረንሻል (የፊቱና የኋላው ዘንግ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው) የለውም። ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች ተቆልፈው በእኩል ይዞራሉ። ስትታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ነው የሚሄዱት። አሸዋና ኮረት ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ይጨርሰዋል። አስፋልት ላይ መንሸራተት አይችልም። መሪው ይከብዳል፣ ውጥረቱ ካምቢዮውና ዘንጉ ላይ ይጠራቀማል፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ይሰበራል። ስለዚህ ልቅ መሬት ላይ አስገባ፣ ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ አውጣ።

ጊዜው ደግሞ ከመቸገርህ በፊት ነው። ጭቃው መሃል ቆመህ ስታስገባ ዘግይተሃል። ፎር ሎው፣ ማለትም ጉልበት የሚሰጠው ቀርፋፋው ማርሽ፣ ብዙ መኪኖች ላይ ቆመህ ወይም ለመቆም ጥቂት ሲቀርህ ነው የሚገባው። 10 ሰከንድ ይበላል። ከገባ በኋላም በፍጥነት መሄድ አትችልም። ስለዚህ መንገድ መሪህ ማታ ሮድቡኩን ሲያነብ «እዚህ ሎው» ብሎ ይጻፍበት። እኛ ከቀጥ ያለ ቁልቁለት በፊት ሁልጊዜ ሎው እናስገባለን። ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርደናል፣ ፍሬኑ አይግልም፣ ጎማ ተቆልፎ ስለማይንሸራተት ርቀቱም አይበላሽም።

አየሩን በተመለከተ፣ ለልቅ አሸዋ ብዙ ሰው ከ15 እስከ 18 ፒኤስአይ ያወርዳል። እኛ 18 እንጀምራለን። ካስቸገረን እንቀንሳለን። አየሩ ዝቅ ሲል ጎማው ይረዝምና ብዙ መሬት ይይዛል፣ አሸዋውን ሳይቆፍር ከላይ ይሄዳል። ግን በተነፈሰ ጎማ በፍጥነት አትታጠፍ፤ ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ጠንካራ መሬት ስትደርስም ቶሎ ሙላው። ኮምፕረሰር የሌለው መኪና ለዚህ ውድድር አልተዘጋጀም ብዬ ነው የማስበው።

ከተያዝክ ነዳጅ አትስጠው። ጎማው በዞረ ቁጥር ትቀበራለህ። ውረድ፣ አካፋ አውጣ፣ ከጎማው ፊት ያለውን አሸዋ ጥረግ፣ የማውጫ ሰሌዳውን አስገባ። እኛ በልምምድ ብዛት በሁለት ሰዎች አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅብናል።

የምለምንህ አንድ ነገር አለ። ሌላ መኪና ሊጎትትህ ሲመጣ ገመዱን ከመኪናው ኋላ ያለው የተጎታች ማያያዣ ኳስ ላይ አትሰር። ያ ኳስ የተሠራው ተጎታች ለማስከተል ነው፤ ድንገተኛ ስበት አይችልም። ሲሰበር በገመዱ ጉልበት እንደ ጥይት ይወነጨፋል፣ ሰው ገድሏል። ሻሲው ላይ የታሰረ፣ ለመጎተት የተሠራ መንጠቆ ከውድድሩ በፊት አስገጥም። ገመዱ ሲወጠር ሹፌሮቹ መኪናቸው ውስጥ ይሁኑ፣ ሌላ ማንም አጠገቡ አይቁም። እኔ በአንድ ውድድር ላይ አንድ ደግ ተወዳዳሪ ሊያወጣን ቸኩሎ ኳሱ ላይ ሲያስር አይቼ እጁን ይዤ አስቆምኩት። ሰዓቱ እየሄደ ነበር። ተከራከርን። አስፈትቼው መንጠቆው ላይ አሰርነው። ዛሬም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ የተወልኝ የ1980ዎቹ ፎር ዊል መኪና አለኝ። ሰው ይስቅብኛል። ከአዳዲሶቹ ጋር ልወዳደርበት?

መልስ፦ ተወዳደርበት! ይህ ስፖርት ለእንዲህ ያለ መኪና የተሠራ ያህል ነው። ከፓሪስ ወደ ሴኔጋሏ ዳካር ይሄድ የነበረው የፓሪስ ዳካር ራሊ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1978 ሲነሣ የፍጥነት ውድድር ነበር። ዛሬ ይኸው የዳካር ራሊ ሳውዲ አረቢያ ውስጥ ሲካሄድ ከጎኑ ዳካር ክላሲክ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ተጀመረ። ድሮ ለተሠሩ መኪኖችና የጭነት መኪኖች ነው፣ ውድድሩም ሬጉላሪቲ ነው። የጣሊያኑ ሚሌ ሚሊያም እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1957 የፍጥነት ነበር፤ በ1977 ሲመለስ ሬጉላሪቲ ሆኖ ነው። አባትህ ያቆዩልህ መኪና 40ን ጠብቆ መሄድ ከቻለ ማንም አይበልጠውም። የላስቲክ ቱቦዎቹን፣ የፍሬን ላስቲኮቹንና የመቀመጫ ቀበቶዎቹን ብቻ አዲስ አድርግ። ላስቲክና ጨርቅ ያረጃሉ።

ጥያቄ፦ በውድድሩ ዋዜማ ማታ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ እኔ መጀመሪያ ሰዓቴን ከአዘጋጁ ሰዓት ጋር አስተካክላለሁ። የስልኬን ሰዓት አላምንም፤ ውድድሩ የሚዳኘው በአዘጋጁ ሰዓት ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለውጥ ተለጥፎ እንደሆነ አያለሁ። አንዳንዴ ዝናብ ጥሎ አንድ ክፍል ይሰረዛል ወይም አማካዩ ይቀንሳል፤ ያንን ያላየ ሰው በማግሥቱ በድሮው ቁጥር ይሄዳል። ከዚያ ሮድቡኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ አነባለሁ። ሁለተኛውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። ምላሴ የሚደናቀፍበት ገጽ መኪናው ውስጥም ያደናቅፈኛልና ጆሮውን አጥፌ ምልክት አደርግበታለሁ።

ወንድሜ መኪናውን ያጥባል። ነገ ሊቆሽሽ ምን ያደርጋል ብዬ በመጀመሪያው ዓመት ጠይቄው ነበር። ባትሪ ሰጠኝና ከሥር እንድገባ ነገረኝ። ታጥቦ የደረቀ ዲፈረንሻል ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ ወዲያው ትታያለች። ጭቃ ቢኖርበት አላያትም ነበር። አሁን እሱ ያጥባል፣ እኔ ባትሪውን ይዤ ከሥር ጎንበስ እላለሁ።